አያት ናት ወይስ አክስት? ስለጠፉ የሰው ዝርያዎች የሚወጣን ዜና የማነብበት መንገድ

ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ እያስተማርኩ ሳለ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድንቅነሽ አያታችን ናት?»

«አዎ» አልኳት።

«በምን ታወቀ?»

መጽሐፉ ላይ ያለውን ደግሜ ነገርኳት። የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም። ያን ዕለት ማታ አዲስ ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥያቄዋን ጻፍኩት። ደብተሩ አሁን ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል። የጠፋ የሰው ዝርያ ተገኘ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር አንድ ገጽ እከፍትለታለሁ። «አያታችን ናት?» የሚለው ጥያቄ በየገጹ አለ፤ የምመልሰው ግን ከሁሉም በኋላ ነው።

እናንተም ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ምክንያቱን እየቆየ ታዩታላችሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አጥንቱን ቁጠሩ

የዜናው ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ «የሰው ልጅን ታሪክ የሚቀይር ግኝት» ይላል። እለፉት። ወደ ታች ውረዱና የተገኘው በትክክል ምን እንደሆነ ፈልጉ። ራስ ቅል ነው? መንጋጋ ነው? ወይስ አንዲት ጥርስ? የስንት ሰው?

ልዩነቱ ሰፊ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ራይዚንግ ስታር በሚባል ዋሻ በ2013 የተገኘው ሆሞ ናሌዲ ከ1,500 በላይ አጥንትና ጥርስ አለው። ቢያንስ የ15 ሰዎች ነው። በፊሊፒንስ ካላዎ ዋሻ የተገኘውና በ2019 ስም የወጣለት ሆሞ ሉዞነንሲስ ግን ያኔ በጠቅላላው 13 ቁራጭ ነበር። ጥርሶች፣ የእጅና የእግር ጣት አጥንቶች፣ የጭን አጥንት ስባሪ። በዜና ላይ ሁለቱም እኩል «አዲስ የሰው ዝርያ» ናቸው። ስለ ናሌዲ እጅ፣ እግርና ቁመት ብዙ መናገር ይቻላል። የሉዞነንሲስ ፊት ግን ከ13ቱ ቁራጮች ውስጥ የለም። ፊቱን ያሳየ ሥዕል ካያችሁ፣ ሠዓሊው ከራሱ ጨምሮበታል ማለት ነው።

ሥዕል ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። በ1908 ፈረንሳይ ውስጥ ላ ሻፔል ኦ ሴንት በተባለ ቦታ የአንድ ኒያንደርታል፣ በአውሮፓና በእስያ ይኖር የነበረ የጠፋ የሰው ዝርያ፣ አጽም ተገኘ። ያጠናው ማርሴላን ቡል የሚባል ሊቅ ነበር። ጉልበቱ የታጠፈ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የማይችል ፍጡር አድርጎ ገለጸው። ያ ምስል ለአሥርተ ዓመታት በመጻሕፍት ዞረ። በ1957 ሁለት ተመራማሪዎች አጽሙን እንደገና ሲያዩት ሰውየው በመገጣጠሚያ በሽታ የተጎዳ ሽማግሌ ነበር። አንድ የታመመ ሰው የመላው ዝርያ መልክ ሆኖ ኖረ። ይህን ሳስበው ዛሬም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ከአጥንቱ ዝርዝር ጎን «ሕፃን ነው? አዛውንት ነው? ታሞ ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ።

የናሙናውን ቁጥርም ፈልጉ። የድንቅነሽ ቁጥር «ኤ.ኤል. 288-1» ነው። ሁለቱ ፊደላት የአፋርን የቅሪተ አካል ቦታ ያመለክታሉ። 288ኛው ቦታ፣ የመጀመሪያው ናሙና ማለት ነው። ቁጥሩ ካላችሁ ዜናው ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ስም ቢመለስ እንኳ ስለዚያው አጥንት መሆኑን ታውቃላችሁ።

የራሳችሁን አጽም ተጠቀሙ

ባለሙያዎች አዲስ አጥንት ሲያገኙ ከብዙ ሌሎች አጥንቶች ጋር ያስተያዩታል። እኛ ያ ስብስብ የለንም። አንድ አጽም ግን ሁላችንም አለን፤ ይዘነው ነው የምንዞረው። ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው በዚህ ነው።

አገጫችሁን ንኩ። ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። ኒያንደርታል ጡንቻው የበረታ፣ አንጎሉም ከእኛ የማያንስ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ አገጭ ግን የለውም። አሁን ጣታችሁን ቅንድባችሁ ላይ አሳልፉ። ከሞላ ጎደል ለስላሳ ነው። በብዙዎቹ የጠፉ ዝርያዎች ላይ እዚያ ቦታ ወፍራም የአጥንት ጉብታ አለ። ከቅንድባችሁ በላይ ግንባራችሁ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የእነሱ ወደ ኋላ ይተኛል። ዜናው ላይ የራስ ቅል ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን እዩ።

አሁን ተነሱና እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። ጉልበቶቻችሁ ተቀራርበዋል፤ ዳሌያችሁ ግን ሰፊ ነው። የጭን አጥንታችሁ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል ማለት ነው። ስንራመድ አንዱን እግር ስናነሳ በሌላው ላይ የምንቆመው በዚህ ዘንበል ምክንያት ነው። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። በሁለት እግሩ ሲሄድ ወደ ጎንና ጎን የሚወዛወዘው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ አንድ ጉልበት ምን ያህል እንደሚናገር ይገባችኋል። በ1973 አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሀዳር ላይ የጉልበት መገጣጠሚያ አገኘ። ራስ ቅል የለው፣ ጥርስ የለው። ግን የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበር። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር እንደነበረ ያ ጉልበት ተናገረ። ድንቅነሽ የተገኘችው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1974 በፈረንጆች ቀን መሆኑ ነው። የአጽሟ 40 በመቶ ያህል ተገኘ። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም ያልዘለለ።

ራሳችሁን ቀና አድርጋችሁ ፊት ለፊት እዩ። ሕብለ ሰረሰራችሁ ወደ ራስ ቅላችሁ የሚገባበት ቀዳዳ ከሥር ነው፤ ራስ ቅሉ አንገት ላይ እንደ ማሰሮ ተቀምጧል። አራት እግር ባላቸው እንስሳት ቀዳዳው ወደ ኋላ ይሸሻል። በ1924 ደቡብ አፍሪካ ታውንግ ላይ የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ሲገኝ ሬይመንድ ዳርት ይህን ቀዳዳ አየ። አንጎሉ ትንሽ ነው፤ ቀዳዳው ግን ከሥር ነው። በ1925 አውስትራሎፒቴከስ አፍሪካኑስ ብሎ ስም አወጣለት። ብዙዎቹ የአውሮፓ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ለምን? ሌላ አጥንት በእጃቸው ነበራ! እንግሊዝ ውስጥ ፒልትዳውን ላይ በ1912 «ተገኘ» የተባለው ሰው ትልቅ የሰው ራስ ቅልና የዝንጀሮ የመሰለ መንጋጋ ነበረው። አንጎል ቀድሞ አደገ ብለው ለሚያምኑ የልብ የሚያደርስ ነበር። በ1953 ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ፣ ጥርሱ ተሞርዶ፣ አጥንቱ በቀለም ተነክሮ። ከ40 ዓመት በላይ ሰው አሳስቷል። ፒልትዳውን ደብተሬ ላይ ሙሉ ገጽ አለው። ማየት የምንፈልገውን የሚያሳየን አጥንት ሲመጣ ሁለት ጊዜ እንድጠይቅ ያስታውሰኛል።

እውነቱ ተቃራኒው ሆነ። የድንቅነሽ ዝርያ አንጎል ከ400 እስከ 550 ሲሲ ገደማ ነው። የእኛ አማካይ 1,350 አካባቢ ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ መጀመሪያ መጣ፤ ትልቅ አንጎል ከብዙ ዘመን በኋላ። የጠፉት ዝርያዎች ስለ ቅድመ አያቶቻችን ካስተማሩን ሁሉ ይህን እኔ አስቀድመዋለሁ።

አካሄዱም አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። የእግራችሁን አውራ ጣት እዩ፤ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፏል። አፋር ውስጥ የተገኘችው፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ ቆማ ትሄድ ነበር፤ አውራ ጣቷ ግን እንደ እጅ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። እዚያው አፋር፣ በወራንሶ ሚሌ ደግሞ በ2012 ይፋ የተደረገ የእግር አጥንት አለ። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ያውም የድንቅነሽ ዝርያ በኖረበት ዘመን። የእሱም አውራ ጣት ጨባጭ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ ሁለት ዓይነት አረማመድ!

ፎቶ ካልበቃችሁ ሞርፎሶርስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የናሌዲን አጥንቶች በሦስት ገጽታ አገላብጦ ማየት ይቻላል። እኔ አንድ መንጋጋ አሳትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ተማሪ በእጁ ሲይዘው ጥያቄው ይለወጣል።

ዕድሜውን አመዱ ይናገራል

«3 ሚሊዮን ዓመት» ሲባል ብዙ ሰው አጥንቱ ራሱ የተለካ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አይደለም። የታወቀው የካርቦን 14 መለኪያ ከ50,000 ዓመት ወዲያ አይሻገርም። ለጥንቶቹ የሚያገለግለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። አንድ ዓይነት ፖታሲየም በጣም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እዚያው ይታሰራል። የታሰረው አርጎን ሲለካ ፍንዳታው ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ይታወቃል። አጥንቱ ከሁለት የአመድ ንብርብር መካከል ከተገኘ ከታችኛው ያንሳል፤ ከላይኛው ይበልጣል። ስለዚህ ዜና ስታነቡ «ከምን በላይ፣ ከምን በታች ተገኘ?» በሉ። አጥንቱ ጎርፍ ጠርጎት ተንከባልሎ የተገኘ ከሆነ ከየትኛው ንብርብር እንደወረደ ማስረዳት አለባቸው።

እዚህ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘውን የኦሞ ኪቢሽን ገጽ ላሳያችሁ። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን የእኛን የሆሞ ሳፒየንስን ቅሪት አገኘ። መጀመሪያ 130,000 ዓመት ገደማ ተባለ። በ2005 ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ከ230,000 በላይ ተባለ። አጥንቱ ያው ነው። ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ በጣም የላመ ስለሆነ በቀጥታ ለመለካት አስቸጋሪ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአመዱን ኬሚካላዊ ባሕርይ ይዘው የመጣበትን እሳተ ገሞራ ፍለጋ ወጡ። ሻላ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ያለውን ሻካራ ድንጋይ ለኩና ዕድሜውን አወቁ። ደብተሬ ላይ በዚህ መስመር ሁለት ጊዜ ላጲስ አልፏል። እርሳስ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት፣ ሊያንግ ቡዋ ዋሻ ውስጥ በ2003 አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ያላት ሴት ተገኘች። ሆሞ ፍሎሬሲየንሲስ ተባለች። ዝርያው እስከ 12,000 ዓመት በፊት ኖሯል ተባለ። እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ለዓመታት አስተማርኩ። በ2016 የዋሻው አፈር እንደገና ሲጠና የተለካው አፈር በኋላ ዘመን የሞላ ሆኖ ተገኘ። አጥንቶቹ ከ60,000 እስከ 100,000 ዓመት የቆዩ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ክፍል ገብቼ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ያስተማርኩትን ለማረም አዋልኩት። ተማሪዎቹ ከዚያ ትምህርት ይበልጥ የያዙት ያችን እርማት ነው።

በመልክ ዕድሜ አትገምቱ። ናሌዲ በ2015 ይፋ ሲሆን ዕድሜው አልታወቀም ነበር። ትንሹን አንጎሉን፣ 465 እስከ 560 ሲሲ፣ ብቻ ያየ ሰው በሚሊዮን ቢቆጥር አይፈረድበትም። በ2017 ሲለካ ከ236,000 እስከ 335,000 ዓመት ሆነ። የእኛ ዝርያ ብቅ ባለበት ዘመን ማለት ነው።

መቼ ተገኘ? መቼ ተነገረ?

ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ ጻፉ። አርዲ በ1994 አራሚስ ላይ ተገኘች፤ አጽሟ በዝርዝር የታተመው በ2009 ነው። አጥንቷ ሲነኩት የሚፈረፈር ስለነበር 15 ዓመት ፈጀ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም፣ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን፣ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ታቅፋ ነበር። ድንጋዩ በትንሽ መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲነሳ ዓመታት አለፉ። ይፋ የሆነችው በ2006 ነው። እግሯ የሚራመድ፣ የትከሻ አጥንቷ ግን የጎሪላን የሚመስል። ያን ትዕግሥት ሳስብ ዜናውን በሁለት ደቂቃ አንብቤ ለማለፍ አልደፍርም።

ስሙንም ተርጉሙ። ብዙዎቹ ስሞች ባዶ ላቲን አይደሉም። የአርዲ ዝርያ ስም አርዲፒቴከስ ራሚደስ ነው፤ «አርዲ» በአፋርኛ መሬት፣ «ራሚድ» ሥር ነው። በ1999 የተሰየመው ሌላ ዝርያ ስም «ጋርሂ» በዚያው ቋንቋ ድንገተኛ ነገር ማለት ነው። በ2015 ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ የሰየሙት «ዴይሬሜዳ» የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ሄርቶ ላይ የተገኘው የ160,000 ዓመቱ «ኢዳልቱ» ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነው። የመሬቱ ባለቤቶች ቋንቋ በዓለም ሳይንስ ውስጥ በቋሚነት ተቀምጧል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል።

ስም ግን ሊለወጥ ይችላል። በ1933 ቻይና፣ ሃርቢን ከተማ ላይ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ራስ ቅል አግኝቶ በውኃ ጉድጓድ ውስጥ እንደደበቀው ይነገራል። በ2018 ለሳይንስ ተሰጠ። በ2021 ሆሞ ሎንጊ የሚል አዲስ ስም ወጣለት። በ2025 ደግሞ ከጥርሱ ላይ ከተጠራቀመው ቆሻሻ በተገኘ ዲኤንኤና ከአጥንቱ በወጣ ፕሮቲን ዴኒሶቫን መሆኑ ታወቀ። ዴኒሶቫኖች እነማን ናቸው? በ2010 ሳይቤሪያ ውስጥ ከአንዲት የጣት አጥንት በወጣ ዲኤንኤ የታወቁ ሕዝቦች። ለ15 ዓመት ጂናቸውን እናውቅ ነበር፤ ፊታቸውን ግን አናውቅም ነበር። ፊታቸው ለካ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

አሁን ዘመድነቱን ጠይቁ

አጥንቱን፣ ዕድሜውን፣ ንጽጽሩን ከጻፋችሁ በኋላ ነው ወደዚህ የምትመጡት። ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። አንድ አጽም አለ፤ አንድ ዝርያ አለ። ድንቅነሽ ራሷ ልጅ ትውለድ አትውለድ አጥንቷ አይነግረንም። «አያታችን ናት» ስንል ስለ ዝርያዋ ነው የምናወራው። ዝርያዋ ደግሞ ለአያትነት ከሚታጩት ዋነኛው ነው። በዘመኗ ሌሎችም ስለነበሩ ግን ከመካከላቸው የእኛ መስመር የቱ እንደሆነ እስካሁን ይከራከሩበታል። «ቅድመ አያት» ከሚለው ቃል በፊት «ሊሆን ይችላል» መኖሩን ፈልጉ። ከሌለ ጸሐፊው ቸኩሏል።

ለቅርቦቹ ግን ዲኤንኤ አለን። መልሱም ያልጠበቅነው ሆነ። ኒያንደርታልን እንደ አክስት ነበር የምናየው፤ ተለይቶን ሄዶ የጠፋ ወገን። በ2010 የጄኔቲክስ ተመራማሪው ስቫንቴ ፔቦና ባልደረቦቹ የኒያንደርታልን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤውን፣ ሲያነቡ፣ የዘር ግንዳቸው ከአፍሪካ ውጭ የሆነ ሰዎች 2 በመቶ ያህል ከእሱ የወረሱት ዲኤንኤ እንዳላቸው ታየ። አፍሪካውያንም ዘንድ ጥቂት አለ። ስለዚህ ኒያንደርታል አክስትም አያትም ነው። በ2018 ደግሞ ከዴኒሶቫ ዋሻ ከተገኘ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ስባሪ አጥንት የአንዲት ልጅ ዲኤንኤ ተነበበ። እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫን። የኖረችው ከ90,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የቲቤት ሰዎች አየር በሳሳበት ከፍታ እንዲኖሩ የሚረዳቸው ጂንም ከዴኒሶቫኖች የመጣ ነው። ጠፉ እንላቸዋለን፤ ግን በሰው ደም ውስጥ ዛሬም ይሠራሉ።

ስለዚህ የዘር ሐረግ ስትሥሉ እንደ መሰላል ቀጥ አታድርጉት፤ ቅርንጫፎቹ ተለያይተው አንዳንዴ የሚገናኙበት ይሁን። ከ100,000 ዓመት በፊት ባለው መስመር ላይ እኛን፣ ኒያንደርታልን፣ ዴኒሶቫንን፣ የፍሎሬሷን አጭር ሴት ወገኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ብቻችንን የቀረነው ቅርብ ጊዜ ነው።

ዛሬ ለመጀመር ሦስት ገጽ ይበቃችኋል። በኦሞ ኪቢሽ ጀምሩ፤ ዕድሜ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያችኋል። ቀጥሎ ሃርቢን፤ ስም እንዴት እንደሚለወጥ። ሦስተኛውን ለድንቅነሽ ስጡት። የእኔ የድንቅነሽ ገጽ ላይ ያቺ ልጅ በጠየቀችኝ ጥያቄ ፊት ለፊት በእርሳስ «ዝርያዋ ምናልባት፤ እሷ ራሷ አይታወቅም» ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ባዶ ትቻለሁ።